በወለድ አገድ የተያዘችው ሬዲዮዬ

ቢቸና ሳለሁ ሬዲዮ ነበረችኝ ብል ሰው ማታ ማታ ዜና እየሰማሁ የኖርኩ ይመስለዋል። የገዛኋት እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ምሳ እየዘለልኩ ነው የገዛኋት። ድምጿን የምሰማው ግን በጭቃ ግድግዳ በኩል፣ ያውም በሳምንት አንድ ቀን ነበር። ዛሬም ቢሆን ይህን ስናገር ትንሽ ይቆጨኛል።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እህል መግዣ ጣቢያ በሚዛን ሠራተኛነት ተቀጥሬ ከሉማሜ ወደ ቢቸና ተላክሁ። እናትና አባቴ ቀደም ብለው ስላለፉ ሲልኩኝ የሸኘኝም፣ ስደርስ የጠበቀኝም አልነበረም። ገበሬው የተጣለበትን ኮታ በአህያ ጭኖ ያመጣል፣ እኔ እመዝናለሁ፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይከፍላል። ዋጋውን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፤ ኮታውንም የጣልኩት እኔ አይደለሁም። ይሁንና ገበሬው ጤፉን ሚዛን ላይ ሲያወጣ ፊት ለፊት የሚያየው የእኔን ፊት ስለሆነ እርግማኑም ግልምጫውም የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። እኔ ደግሞ ቶሎ የምከፋ፣ ስከፋም ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ፤ «ምን አፋችሁን ዘጋችሁት፣ ቀጥሉ እንጂ!» ብዬ እጮህባቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ አያፈራም፣ አላፈራሁምም።

የቤት ነገር ሌላ ጣጣ ነበር። ትርፍ ቤት ተወርሶ፣ ማከራየት ተከልክሎ፣ ቤት የሚሰጠው ቀበሌ ብቻ የሆነበት ዘመን ነው። ቀበሌ ባለትዳሩን ያስቀድማል፤ ላጤ ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ይዞ በደባልነት ይኖራል። ኪራይ ይከፈላል፣ ኪራይ ግን አይባልም። ሰው ከጠየቀ «የእህቴ ልጅ ነው» ይባላል። የቀበሌው ሊቀመንበርም ጥበቃውም ይህን ያውቃሉ፤ እነሱም ቤታቸው የእህት ልጅ የሚሉት ደባል አለ።

እኔ የተጠጋሁት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከገበያው በላይ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሁለት ክፍል ቤት ያላቸው ሴት ዘንድ ነበር። እማማ እላቸው ነበር። አንዱ ክፍል የልጃቸው ነው። ያለቻቸው ነፍስ እሱ ብቻ ሲሆን ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ድምፁ ጠፍቶባቸዋል። ክፍሉን ለእኔ የሰጡኝ ችግር ቢያስገድዳቸው ነው፤ እሱንም ገና በሩን ከመክፈታቸው ነገሩኝ።

«መያዣ ትሰጠኛለህ» አሉኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ደባል ሳይከፍል፣ የበሩን ቁልፍ ሳይቀር ይዞባቸው ጠፍቷል።

«ገንዘብ የለኝም፣ እማማ። ደመወዝ እስኪለቀቅ ይታገሱኝ።»

ዕቃዬን በዓይናቸው ዞሩበት። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ ሬዲዮ። «ይችን አስይዘኝ» አሉ ሬዲዮዋን እያዩ።

«ሻንጣውን ይያዙት። ቆዳ ነው።»

«ሻንጣህ ምን ይነግረኛል?» አሉኝ።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ወዲያው ነገሩኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጦር ግንባር የሚተላለፍ ዝግጅት ነበር። ወታደሮች በየተራ፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ስማቸውንና አገራቸውን ጠርተው ለቤተሰብ ሰላምታ ያቀርባሉ። ከታች ሰፈር ያለችው ሴት የልጇን ድምፅ በዚያ ሰምታለች። እማማም በየሳምንቱ ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ደጅ ሲቆሙ ከርመው አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች ዘፈን ፍለጋ ጣቢያውን ቢቀይሩባቸው አልቅሰው ወጥተዋል። የእኔ ሬዲዮ ያስፈለገቻቸው ለዚያ ነው፣ የልጃቸውን ድምፅ ሊሰሙባት። አስያዝኳቸው።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ሬዲዮዋን ከእሑድ በቀር የማይከፍቷት መሆኑን ነው። ድንጋይ፣ ማለትም ባትሪ፣ እንደልብ አይገኝም ነበር፤ ሲገኝም ውድ ነው። ሰኞ ማታ ዜና ሰዓት ግድግዳውን አንኳኩቼ «እማማ፣ ኧረ ትንሽ ይክፈቷት» እላለሁ። «ድንጋዩ ያልቃል!» ይሉኛል። ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው። የራሴ ሬዲዮ፣ ከራስጌዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሳምንቱን ሙሉ ድምጿን አጥፍታ ትቀመጣለች።

እሑድ ሲደርስ በመጀመሪያ የዝግጅቱ መክፈቻ የሆነው የሰልፍ ዜማ፣ ማርሹ ይሰማል፣ ቀጥሎ የወንዶቹ ድምፅ ይመጣል። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ የእናቱን ስም ጠርቶ ዝም ይላል። እኔ ፍራሼ ላይ ተጋድሜ አዳምጣለሁ። እማማ በማዶ በኩል ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚያዳምጡ የማውቀው ዝግጅቱ አልቆ ሬዲዮዋ ቀጭ ብላ ስትጠፋ በረጅሙ ስለሚተነፍሱ ነው። «ዛሬም የለም» ይላሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። እኔም አልመልስላቸውም ነበር፤ ምን ብዬ ልመልስ?

አንዳንድ ቀን ቆሎ ይዘው ይመጡና ደብዳቤ ያስጽፉኛል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ «ክፍልህ ውስጥ የሚዛን ሠራተኛ አስገብቻለሁ፤ ቁጡ ነው፣ ክፉ ግን አይደለም» በል አሉኝ። ቁጡ የሚለውን ልዝለለው አልዝለለው ብዬ ካሰብኩ በኋላ ጻፍኩት። መልስ አልመጣም። የምንጽፈው ሁሉ የት እንደሚገባ አናውቅም ነበር።

ከገና በኋላ ግንባር ቆስሎ የተመለሰ አንድ የአገር ልጅ ለእማማ ወሬ አመጣላቸው። የልጃቸው ክፍለ ጦር ፈቃድ ሊሰጠው ነው፣ ለፋሲካ ሳይመጣ አይቀርም አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሌላ ሰው ሆኑ። ክፍሉን ልቀቅልኝ አሉኝ።

«ሲመጣ እለቃለሁ። የመጣ ዕለት፣ በዚያው ሰዓት።»

«ሲመጣማ ምን ዋጋ አለው! ግድግዳውን መለሰን አለብኝ፣ ወለሉን መለቅለቅ አለብኝ። ልጀ ከዚያ ሁሉ መከራ ወጥቶ የሰው ላብ የሚሸት ክፍል ላስገባው?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የሰው ላብ ያሉት እኔን ነው። ወቅቱ ደግሞ ጤፍ የሚገባበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚዛኑ ሥር የማልነሳበት ነው፤ ቤት ፍለጋ የምዞርበት ጊዜም የለኝ፣ ብዞርም የሚያስጠጋኝ የለም። «አልወጣም!» አልኳቸው። «ከፈለጉ ይክሰሱኝ!»

ከሰሱኝ። በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ቀርበው፣ ማመልከቻ አጽፈው፣ ቴምብር አስለጥፈው፣ ምስክር ቆጥረው ከሰሱኝ። ክሱ ላይ ኪራይ የምትል ቃል የለችም። «በእንግድነት የተቀበልኩት የእህቴ ልጅ ከቤቴ አልወጣ አለኝ» ነው የሚለው። እኔም መልሴ ላይ «አክስቴ ናቸው» ብዬ ጀመርኩ። ሸንጎው ሙሉ ሰው እውነቱን እያወቀ ራሱን ይነቀንቃል።

ሰብሳቢው በድሮው ጊዜ በመሬት ክርክር ነገረ ፈጅ የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎናቸው የወጣት ማኅበሩ ተወካይ ተቀምጧል። የመልቀቁ ነገር ብዙ አላከራከረም፤ በሳምንት ውስጥ ውጣ ተባልኩ። ነገር የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እማማ ተነሡና «ለክሱ ያወጣሁት ወጪና ኪሳራ ከመያዣው ላይ ይቆረጥልኝ» አሉ።

«መያዣው ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሬዲዮ።»

«ሬዲዮ በምን ይቆረጣል?»

«መጋዝ ይምጣና ይቆረጥ!» አልኩ እኔ ከተቀመጥኩበት። ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ሸንጎ መድፈር ምን እንደሚያስከትል አስታወሱኝና አስቀመጡኝ።

የወጣት ተወካዩ ነገሩን ቀላል አደረገው። «ትሸጥ። ከዋጋዋ ላይ የእሳቸው ወጪ ይነሣና የተረፈው ለእሱ ይመለስ።»

«አትሸጥም!» አሉ እማማ።

«አትሸጥም!» አልኩ እኔም። በዚያን ዕለት የተስማማንበት ነገር ይኸ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። ኋላ ፊታቸው በራ። «ወለድ አገድ ናት» አሉ። ወለድ አገድ የድሮ የመሬት ሥርዓት ነው፤ ገንዘብ የተበደረ ሰው መሬቱን ያስይዛል፣ አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል፣ ባለዕዳው ገንዘቡን የመለሰ ዕለት መሬቱ ይመለስለታል። እሳቸው በዚህ ሥርዓት ስንት ክርክር ረትተው፣ መሬት ሲወረስ ዕውቀታቸው ከእጃቸው ላይ ቀርቶባቸው ኖሯል። አሁን ዕድሉን ሲያገኙ እንደ ጉድ ያብራሩት ጀመር። «ከሳሽ ኪሳራቸው እስኪከፈላቸው ድረስ ሬዲዮዋን ይዘው ይገልገሉባት። የሰው በሬ በወለድ አገድ ይዞ የሚያርስ ራሱ ይቀልበው የለም? እንግዲያው ድንጋዩንም እሳቸው ይግዙ። ተከሳሽ ኪሳራውን የከፈለ ዕለት ሬዲዮዋን ቆጥሮ ይረከባል።»

«ይኼ የፊውዳል ልማድ ነው!» አለ ወጣቱ።

«አዋጁ የወረሰው መሬት ነው። ስለ ሬዲዮ የሚል አንቀጽ ካለበት አንብብልኝ» አሉት። አላገኘም። ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት።

ፍራሼን ተሸክሜ ጣቢያው መጋዘን ገባሁ። ከጆንያው ክምር ጀርባ አንድ አልጋ የምታህል ቦታ ነበረች። በዚያ ላይ ስተኛ ነው ብቸኝነት ምን እንደሆነ ደህና አድርጌ ያወቅሁት። እማማ ቤት ሳለሁ ብቸኛ ነኝ እል ነበር፤ ግን በግድግዳው ማዶ የሚያስል ሰው ነበር፣ ኩራዝ የሚያጠፋ ሰው ነበር፣ «ድንጋዩ ያልቃል!» ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ነበር። መጋዘኑ ውስጥ አይጥና የእህል አቧራ ብቻ ነው ያለው። ከሥራ በኋላ ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ሳልነጋገር ሌላ የሥራ ቀን ይደርሳል። ጠዋት ለመጀመሪያው ገበሬ «ና፣ አምጣ» ስለው ድምፄ ይሻክርብኝ ነበር።

ኪሳራውን ለመክፈል አቅም አጥቼ አልነበረም፤ እልህ ነው የያዘኝ። ድንጋይ ሲገዙ ይክረሙ አልኩ። ፋሲካ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በእማማ ደጅ አለፍኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የኔ የነበረው ክፍል ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፣ አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ተነጥፏል። እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ያንን ሳይ እልሁ የት እንደሄደ አላውቅም። ልጁ አልመጣም። ከፋሲካ በኋላም አልመጣም።

በደመወዝ ማግስት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ገንዘቡን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ «ግባ፣ ዝም በል!» አሉኝ በሹክሹክታ። ማርሹ ጀምሯል። በጣታቸው በርጩማ አሳዩኝ። በግድግዳ ስሰማው የኖርኩትን ነገር ያን ዕለት በዓይኔ አየሁ። ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ጎንና ጎኗ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት። አንድ ወታደር የቢቸናን ስም ሲጠራ ሬዲዮዋን ወደ ጆሯቸው አነሧት። የሌላ ሰው ልጅ ነበር። ሲያልቅ ዘጓት፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራዋን ጠረጉላት፣ መደርደሪያው ላይ መለሷት። ዞር ሲሉ እጄ ወደ ኪሴ ሲገባ አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልትከፍል መጣህ?»

ከመጋዘን ስነሣ የመጣሁት ለዚያ ነበር። «ኧረ ምን ሲባል፣ እማማ! ገንዘብ ከየት መጥቶ» አልኳቸው።

«እንኳን አልመጣ» አሉና በጣሳ ጠላ ቀዱልኝ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ዕዳዬን አለመክፈሌን ለማሳወቅ እሄድ ጀመር። እሳቸው እንዳልከፍላቸው ይሰጋሉ፣ እኔ እንዳይምሩኝ እሰጋለሁ። ዕዳው ካለቀ ሬዲዮዋ ትወጣለች፤ ሬዲዮዋ ከወጣች እኔም የምመጣበት ምክንያት አይኖረኝም። አብረን እንሰማለን፣ «ዛሬም የለም» ይላሉ፣ «ለሚመጣው ይኖራል» እላለሁ። አሁን መመለስ ተምሬያለሁ። በክፍሉ ግን እንድቀመጥ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የለቀለቁትን ወለል ማንም እንዲረግጠው አይፈልጉም ነበር። በሳምንት አንዴ ከሰው ጋር ቆይቼ ወደ ጆንያዎቼ እመለስ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሞጣ ጣቢያ ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ስሄድ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

«ኪሳራውን ሳትከፍል?» አሉኝ።

«ሳልከፍል።»

«እንግዲያው ትመለሳለህ» አሉ። እንባዬ መጣ፤ የመኪና አቧራ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ሞጣም ያው ሚዛን፣ ያው ግልምጫ ነበር። ልዩነቱ ቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ክፍል ስላስገባኝ ከአይጥ መገላገሌ ነው። አብረውኝ የሚኖሩት ሁለቱም እሑድ እሑድ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳሉ። ያኔ ገበያው አጠገብ ያለ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጨው ጆንያ ላይ መቀመጥ ለመድኩ፤ የሱቁ ሬዲዮ ስለማይጠፋ ነው። ሰውየው ትሑት ነው፣ ሰው አያባርርም። አንድ ቀን ማርሹ ሲጀምር ጆሮዬን ሳቆም አየኝና «ግንባር ማን አለህ፣ ወንድሜ?» አለኝ።

«ማንም የለኝም» አልኩት።

«ታዲያ የማንን ድምፅ ነው የምትጠብቀው?»

ለማስረዳት ብጀምር ወለድ አገዱን ሁሉ መተረክ ሊኖርብኝ ነው። «የአክስቴን ልጅ» አልኩት። ሸንጎ ላይ የተዋሸችው ውሸት እንደገና ጠቀመችኝ።

በልግ ሳይገባ ነበር። ዝናብ እየዳዳው፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጨርቅ እየመረጡ፣ ሬዲዮው የአንድ ወታደር ስም ተናገረ። የአባቱን ስም ተናገረ። ቢቸና አለ። የእማማን ስም ጠራ። ከጆንያው ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም።

«እናቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ክፍሌ ውስጥ ያለው የሚዛኑ ሰው፣ ወንድሜ ነው፣ ሰላም በይልኝ። እኔ እስክመጣ ድረስ እንዳይወጣ ንገሪልኝ። ብቻሽን እንዳትሆኝ።»

ከዚያ ሌላ ወታደር ቀጠለ። እኔ ግን አልሰማሁትም። ወንድሜ ብሎኛል። አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ በአገር ሁሉ ሬዲዮ፣ ወንድሜ ብሎኛል። ነጋዴው መደርደሪያውን ተደግፎ ያየኛል። «ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ተናገረ!» አልኩት። «ድንጋይ ስጠኝ። ያለህን ሁሉ ስጠኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። እሱም ደስ አለው።

እማማ እንደሚሰሙት አውቃለሁ፤ ግን ድንጋይ አልቆባቸው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ደብረ ወርቅ በኩል በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ስስቅ ነው የሄድኩት። እማማ ሰምተው ከሆነ አቅፈው ይስሙኛል፤ ካልሰሙ የምሥራቹን የምነግር እኔ ነኝ፣ የምሥራች ነጋሪ ደግሞ ሽልማት ይጠይቃል። ክፍሉን እጠይቃለሁ አልኩ። ልጁ አዝዟል፣ ምን ሊሉ ነው? ወደ ቢቸና ተመለስ ካሉኝ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬም አሰብኩ።

ከገበያው በላይ ስወጣ ድንኳኑን አየሁት። በእማማ ግቢ ነው የተተከለው። ወንዶች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ነገረ ፈጁ ሽማግሌም አሉበት። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ተነሥተው መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ወደ ውስጥ አስገብተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ቀስ ብለው ነገሩኝ። መርዶው ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነገራቸው። ልጁ የሞተው ግን ቀደም ብሎ ነው፤ ወሩ እንኳ በደንብ አይታወቅም። ዛሬ ሠልስቱ ነው።

«ትላንት...» አልኩ። «ትላንት ሬዲዮ አልተከፈተም?»

«ምን ማለትህ ነው? ሐዘን ቤት ሬዲዮ ይከፈታል እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የወታደሮቹ ድምፅ አንድ ቀን ተቀድቶ፣ ስንት ጊዜ ከርሞ፣ ተራው ሲደርስ ነው የሚተላለፈው። እማማ ስንት እሑድ ትንፋሻቸውን ይዘው የጠበቁት ድምፅ፣ ስለ እሱ እያለቀሱ ሬዲዮዋን ባልከፈቱባት በዚያች እሑድ መጥቶ አልፏል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ጭኔን ይጫኑኛል። ተነሥቼ ወደ ሞጣ መመለስ አማረኝ።

ሽማግሌው ወደ ጓዳ ገብተው ሬዲዮዋን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። «እንግዲህ ውሰዳት፣ ልጄ። ኪሳራው ቀርቷል፣ እኔ ለሸንጎው እነግራለሁ። ከእንግዲህ ለእሳቸው ምን ታደርጋለች?» አሉኝ። ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አኖርኳት። መያዣዬ መለቀቋን በሰው ፊት ሲነግሩኝ ምንም አልተሰማኝም።

«ማን ነው የመጣው? የሚዛኑ ልጅ ነው?» የሚል የእማማ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ገባሁ። መሬት ላይ ተቀምጠው ሴቶች ከበዋቸዋል። ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ማልቀስ ነበረብኝ፤ ከጉሮሮዬ ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«እማማ፣ ትላንት በሬዲዮ ተናገረ።»

ከሴቶቹ አንዷ በክርኗ ጎሰመችኝ። እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጀ?»

«አዎ።»

«ድምፁን ሰማኸው?»

«ሰማሁት። ወፍራም ነው። አይቸኩልም።»

«እሱ ነው» አሉ። «ምን አለ?»

ነገርኳቸው። እናቴ ማለቱን፣ ደህና ነኝ አታስቢ ማለቱን፣ ደብዳቤው እንደደረሰው። እዚህ ላይ ላቆም አሰብኩ። እማማ ግን ሬዲዮዋ ፊት ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው የቀረውን ይጠብቃሉ። የቀረውንም ነገርኳቸው። የሚዛኑን ሰው ሰላም በይልኝ፣ እኔ እስክመጣ ከክፍሉ እንዳይወጣ፣ ብቻሽን እንዳትሆኝ።

ዓይናቸውን ገለጡ። በሩ ተዘግቶ ወደሚታየው ክፍል አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ የለባቸውም። በእውነት ያልገባቸው ነገር ሆኖባቸው፣ እንዳስረዳቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

«አጠፋሁ፣ እማማ» አልኳቸው።